ውሃ ይጠግባል ወይስ ይሞላል?

ተርጓሚዋ፦ ሰላም ቤቶች። ፒያሳ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸክያለሁ። «ከግድቡ የሚወርደው ውሃ ከልክ በላይ አየር ስለሚጠግብ ዓሦቹ ይታመማሉ።» ጽሑፉ ስለ አሜሪካው ኮሎምቢያ ወንዝ ነው። አለቃዬ «ውሃ አይጠግብም» ብሎ ሰረዘብኝ። ምን ልበል? ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

ዘአራት ኪሎ፦ ጠገበ ግዕዙ ጸግበ ነው። ወንጌሉ «እስመ እሙንቱ ይጸግቡ» (እነርሱ ይጠግባሉና) ሲል የሚጠግቡት እነማን ናቸው? የተራቡት። ውሃ መቼ ተራበ? ከመልአ፣ ማለትም ከሞላ፣ ውሰጂው። «ልዕለ ምልአት» በይ፤ አለቀ።

ጉራማይሌ፦ ልዕለ ምልአት? ዓሣውን በሽታው ሳይሆን ማዕረጉ ይገድለዋል 😂

የውሃ ሰው፦ ቆይ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንወቅ። ውሃው ከግድቡ ማስተንፈሻ ሲወረወር አየር ይዞ ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ይሰምጣል። እታች ግፊቱ ስለሚበረታ አረፋው ይሟሟል። ውሃው ወደ ላይ ሲመለስ መያዝ ከሚችለው በላይ ጋዝ ይዟል፤ አብዛኛው ናይትሮጅን። ጋዙ ዓሣው ደም ውስጥ ገብቶ፣ አምቦ ውሃ ሲከፈት እንደሚያደርገው፣ አረፋ ይሆናል። መተንፈሻ ስንጥቡ ይታፈናል፣ ክንፉ ላይ አረፋ ይወጣል፣ ዓይኑ ወደ ውጭ ይፈጣል። አሜሪካኖቹ ውሃው መያዝ ከሚችለው ጋዝ 110 በመቶን ወሰን ያደረጉት ለዚህ ነው። ዓሣው ጠለቅ ካለ ግን ይተርፋል፤ አንድ ሜትር ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከዚያ መቶኛ ላይ 10 ያህል ይቀነስለታል። እና የኔታ፣ «ውሃው ሞላ» ካልን አንባቢው ጎርፍ መጣ ብሎ ነው የሚሮጠው።

ዘአራት ኪሎ፦ ጥሩ። «ጠገበ» ካልንስ? ጥጋበኛ ውሃ?

ሸማኔው፦ ክሩ ቀለም ጠገበ እንላለን እኮ። መሬቱም ዝናብ ይጠግባል። ማን ተራበ ብሎ የጠየቀን የለም።

ዘአራት ኪሎ፦ እነዚያ ደረቅ ናቸው፤ ጠጪዎች። ውሃ የሚጠጡት እንጂ ጠጪ አይደለም። ቅኔ ቤት ያላደረ ይህን አይለይም።

ጉራማይሌ፦ ፐ! የኔታ ማዕረግ መዘዙ።

የቢሾፍቱ ልጅ፦ የውሃ ውስጥ ተክሎቹስ? እነሱም ይታመማሉ?

የውሃ ሰው፦ አረፋው ቅጠላቸው ላይ ይለጠፋል። ደግሞ ቅጠሉ ትርፉ ጋዝ ከውሃው እንዲወጣ ያግዛል። እዚያም ቢሆን ውሃው ጠግቧል ነው የምለው።

ዘአራት ኪሎ፦ ከሁሉ በፊት «አሳ» እያላችሁ የምትጽፉ ታረሙ። በዐይኑ ዐ እና በንጉሡ ሠ ነው።

ሸማኔው፦ እዚህ ማን «አሳ» ብሎ ጻፈ?

ዘአራት ኪሎ፦ ከመጻፋችሁ በፊት ነው የማርመው።

ተርጓሚዋ፦ እሺ፣ ዓሣው ደህና ነው። ጠገበስ?

ዘአራት ኪሎ፦ ስለ ንጉሡ ሠ ገና አልጨረስኩም።