እቁቡን ገዝቼ የትኛውን ዕዳ ልዝጋ?

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ተከራይቼ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴና ሁለት ልጆች አሉኝ። ከግብርና ከ7 በመቶው ጡረታ በኋላ 9,400 ብር ይቀረኛል። የብድርና ቁጠባ ማህበሩ ከደመወዜ ላይ 1,850 ስለሚቆርጥ እጄ የሚገባው 7,550 ነው። ቤት ኪራይ 3,000፣ እቁብ 1,000፣ ቅሬ (እድር) 50።

ያለብኝ ዕዳ፦ ለማህበሩ 26,000፣ በዓመት 16 በመቶ ወለድ ያለው። ኮምቦልቻ ላለው የእህቴ ባል 20,000፣ ያለ ወለድ፤ ግን እስከ መስከረም ይፈልገዋል። ለሰፈሩ ሱቅ 11,400 ዱቤ። የሱቁ ደብተር ላይ ስሜ ያለበት ገጽ ሞልቶ ወደ ሦስተኛው ተሻግሯል። ሽንኩርት፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ እንደገና ዘይት። ባለሱቁ በዱቤ ሲሆን በኪሎ 10 ብር ይጨምርብኛል፤ አልፈርድበትም፣ እሱም ከጅምላ ሻጭ በጥሬ ገንዘብ ነው የሚያመጣው።

ደመወዝ እንደወጣ ብሩን በአራት ፖስታ ከፋፍዬ ሞክሬ ነበር። ሁለት ወር ጥሩ ሄደ። በሦስተኛው ሐይቅ ከተማ ለቅሶ ደረስኩ፣ የአስቤዛው ፖስታ እዚያው አለቀ። ከዚያ ወዲህ ወሩ ሲጋመስ ወደ ሱቁ ነው።

አሁን እቁባችን ውስጥ፣ 24 ሰዎች ነን፣ የሚቀጥለው ወር ባለ ዕጣ 2,000 ብር ከከፈልኩት ተራውን ሊለቅልኝ ተስማምቷል። 22,000 ይተርፈኛል፤ የቀረውን 15 ወር ግን 1,000 መክፈሌን እቀጥላለሁ።

በዚህ ብር የሱቁን ዱቤ ዘግቼ ቀሪውን 10,600 ለእህቴ ባል ልስጥ፣ ወይስ ወለድ የሚቆጥረውን የማህበሩን ብድር ልቀንስ?