የእናቴ ነጠላ ጥለትና የዳካው ጃምዳኒ አሠራራቸው አንድ ነውን?

የአራት ኪሎ ነዋሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ባለው መሥሪያ ቤታችን አብራኝ የምትሠራ የባንግላዴሽ ዋና ከተማ የዳካ ተወላጅ ባለፈው ሳምንት ጃምዳኒ የተባለ ሳሪ ለብሳ መጥታ ነበር። ስስ በሆነው የጥጥ ሸማ ላይ ያሉትን አበቦች ጠጋ ብዬ ስመለከታቸው የእናቴን ነጠላ ጥለት አስታወሱኝ። ጥልፍ መስሎኝ ብጠይቃት፣ ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ መሆኑን ነገረችኝ። የእኛም ጥለት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነውን? ለእህቴ ሠርግ ፒያሳ ከሚገኝ አንድ ሱቅ በእጅ የተሸመነ ነው ተብዬ የገዛሁት ቀሚስ ጥርጣሬ ስላሳደረብኝ ጭምር ነው የምጠይቀው።

የሸማኔ ልጅ፣ ከሽሮ ሜዳ፦
ባልደረባዎ እውነቷን ነው። ሸማኔው ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ ድሩን በእግሩ እየከፈተ ነጩን ማግ በመወርወሪያ ከዳር እስከ ዳር ያሳልፋል፤ ጥለቱ ላይ ሲደርስ ግን የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሣና ባለቀለሙን ክር ቅርጹ በሚያርፍበት ቦታ ብቻ አስገብቶ ይመልሰዋል፤ ከዚያም ነጩ ማግ እንደገና ያልፋል። ስለዚህ ጥለቱ ተጨማሪ ማግ ነው፤ ባለቀለሙ ክር አንድ በአንድ ተመዝዞ ቢወጣ እንኳ ነጩ ሸማ ሳይፈታ ይቀራል። ጃምዳኒም የሚሠራው በዚሁ ብልሃት ነው። አባቴ ንድፍ በወረቀት ይዞ ሲሸምን አይቼው አላውቅም፤ ቁጥሩን ሁሉ በቃሉ ነበር የሚያውቀው። በመሐል ያናገረው ሰው ካለ ግን ወዮለት!

አንባቢ፣ ከስድስት ኪሎ፦
ብልሃቱ አንድ ቢሆንም ሙያው አንድ ነው ለማለት አልደፍርም። በጃምዳኒ ዘንድ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሸማኔዎች፣ አንደኛው ዋና ሌላው ረዳት ሆነው፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን ሸማ ይሠራሉ፤ የእኛ ሸማኔ ግን ብቻውን ነው። የጋናው ኬንቴም ቅርጹን የሚያወጣው በተጨማሪ ማግ ሲሆን፣ የሚሸመነው 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ጠባብ ጥብጣቦች ነው፤ ኋላ ተሰፍተው ሰፊ ልብስ ይሆናሉ። ኢካት የተባለውን ጨርቅ ግን ከእነዚህ ጋር መደባለቅ አይገባም፤ እርሱ ክሩ ከመሸመኑ በፊት እየታሰረ በቀለም የሚነከር በመሆኑ ቅርጹ የሚወለደው ከማቅለሚያው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃምዳኒ በ2013፣ ኬንቴ በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል።

የልብስ ሰፊ፦
ወደ ቀሚስዎ ልመለስና፣ ገልብጠው ይዩት። ቀለሙ ከጀርባው ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ከተገኘ የታተመ ጨርቅ ነው። በእጅ የተሸመነ ከሆነ ባለቀለሙ ክር ከቅርጹ ዳር ላይ ታጥፎ ሲመለስ በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል።

የአራት ኪሎ ነዋሪ (ጠያቂ)፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሁን ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ነጭ ነው። የእናቴን ነጠላም አጠገቡ ዘርግቼ ስዳስሰው የክሩ መታጠፊያ በጣቴ ተሰማኝ። ቅዳሜ ቀሚሱን ለሱቁ መልሼ ወደ ሽሮ ሜዳ እወጣለሁ።