እህልን አቆይቶ በክረምት መሸጥ ከጾሜ ጋር ይስማማልን?

ጠያቂ (ደሴ)፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእህል መደብር አለኝ። በጥር የገዛሁትን ጤፍ ዋጋው እስኪወጣ ድረስ ዘግቼ አቆያለሁ። ባለፈው ነሐሴ ግን ፍልሰታን እየጾምኩ ሳለ አንዲት ጎረቤቴ አምስት ኪሎ ብቻ ጠይቃኝ «የለም» አልኋት፤ እህሉ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ ልቤ አያርፍም። መሸጥ የነበረብኝ በስንት ነው?

መልስ 1 (ወልድያ)፦
ወንድሜ፣ ከዋጋው በፊት «የለም» ያልከው ቃል ያሳስበኛል። መጽሐፈ ምሳሌ 11፥26 እህልን የሚያስቀር በሕዝብ ዘንድ የተረገመ እንደሆነ፣ በሚሸጠው ራስ ላይ ግን በረከት እንዳለ ይናገራል፤ ስለዚህ መሸጥና ተገቢ ትርፍ ማግኘት ኃጢአት አይደለም፣ የሚያስወቅሰው ችግረኛ እያለ መደበቁ ነው። ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረኀብ ከወላጆቻችን የሰማን ሰዎች ይህንን እንደ ተራ የንግድ ጉዳይ ልናየው አንችልም። ለንስሐ አባትህ ሳትሸሽግ ንገራቸው።

መልስ 2 (ኮምቦልቻ)፦
እኔም ነጋዴ ነኝ። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ጎረቤት አንድ ዋጋ አለኝ፤ በክረምት ደግሞ ከመጋዘኔ የተወሰነውን ለችርቻሮ ብቻ አስቀርቼ በኪሎ እሸጣለሁ። ኢሳይያስ 58 ጾምን እንጀራን ለተራበ ከመቍረስ ጋር ስለሚያያይዘው፣ በጾም ወቅት ይህን አብልጬ አስባለሁ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት ከጎረቤቴ ደጅ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ አምስቱን ኪሎም ይዤ እሄዳለሁ።