አንጸባራቂ ወለሉ 64 ክፍል ሲሆን ሞዴሌ መማር አቆመ

እባካችሁ አግዙኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ቆሜያለሁ። ግድግዳ ለጋረደው ስልክ የሬዲዮ ሞገዱን መልሶ የሚያደርስ፣ ከብዙ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ብልህ አንጸባራቂ ወለል በኮምፒውተር አስመስዬ እየሠራሁ ነው። የእያንዳንዱን ክፍል የፌዝ ማዕዘን (ክፍሉ የሚመልሰውን ሞገድ ዑደት በስንት ዲግሪ እንደሚያዛውር) የሚመርጠው በማሽን ለርኒንግ የሚሠለጥን ሞዴል ነው። በ16 ክፍሎች ግሩም ይሠራል። በ64 ግን ማዕዘኖቹን በዘፈቀደ ከመምረጥ አይሻልም። ከሁሉም ክፍሎች የሚመለሱት ሞገዶች ቢገጣጠሙ እኮ ስልኩ ጋ የሚደርሰው ኃይል የአንድ ክፍል 4096 እጥፍ መሆን ነበረበት፤ በዘፈቀደ የሚገኘው 64 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው!

ትናንት ሌሊት 17ኛው ክፍል ከ359 ወደ 1 ዲግሪ መሻገር አቅቶት ጠርዙ ላይ ሲዋልል አየሁ። ማዕዘኖቹ ጎረቤት ናቸው፤ ለሞዴሉ ግን እጅግ የተራራቁ ቁጥሮች ናቸው። በሳይንና በኮሳይን ልተካቸው? ወይስ መጀመሪያ ክፍሎቹን በቡድን ላሠልጥን? በዚህ ያለፈ ሰው የቱን እንዳስቀደመ ይንገረኝ።