የጆንያ ጓሮ፦ የጋራ ፕሮጀክት ረቂቃችን፣ ሁለተኛ ዙር ውይይት

ጸሐፊ፦ መነሻችን አልተለወጠም። በአዲስ አበባ፣ በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች፣ በቀበሌ ቤት የሚኖሩ 40 ቤተሰቦች፣ ለእያንዳንዳቸው 2 ባለ 50 ኪሎ ላስቲክ ጆንያ፣ ተክሉ ሀበሻ ጎመንና ቆስጣ። መሬት የላቸውም፣ ግቢው የጋራ ነው፣ ቤቱም ለልማት ሊፈለግ ይችላል፤ ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር የሚሄድ ጓሮ ያስፈልጋል። በናይሮቢ ኪቤራ ሰፈር የተሠራበት ዘዴ ነው። በበጀቱ ትልቁን ድርሻ የያዙት ዘርና መሣሪያ ናቸው። አስተያየታችሁን ስጡበት።

የአፈርና ብስባሽ ክፍል፦ እህታችን፣ በጀቱ ተገልብጧል። ለ80ው ጆንያ አንድ የሾርባ ማንኪያ የጎመን ዘር ከበቂ በላይ ነው። ጎመኑን የሚያሳድገው አፈሩ ሆኖ ሳለ በረቂቁ ያገኘው አንድ መስመር ብቻ ነው።

እንቁጠረው። አንድ ጆንያ 60 ሊትር ያህል ድብልቅ ይይዛል፤ 80ው 4,800 ሊትር ይፈልጋል። 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ካልን አፈሩ 2,400፣ ብስባሹ 1,600፣ አሸዋው 800 ሊትር ይሆናል። ብስባሽ ሲበስል ከግማሽ በታች ስለሚወርድ 4 ሜትር ኩብ ጥሬ ዕቃ እንሰበስባለን፤ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም 1 ሜትር የሆነ 4 ክምር ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀት አይዝም፣ በአዲስ አበባ ብርድማ ጭራሽ።

ጥሬ ዕቃው በየሰፈሩ ይጣላል፦ የጫት ገረባ፣ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ። ገረባው እንጨታም ስለሆነ በጣት ርዝመት ይከተከት፣ አለዚያ ወራት አልፎም አይበሰብስም። 2 እጅ ደረቅ ለ1 እጅ እርጥብ ተደርቦ በየ2 ሳምንቱ ይገላበጥ። መሃሉ ላይ የተሰካው እንጨት ሲነቀል ትኩስ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ይፈልጋል፤ ከከረፋ ደረቅ ነገር ይጨመርበት። የጠላ አተላ በጥቂቱ ብቻ፣ ሲበዛ ያጎመዝዘዋል። ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል። ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ ይህ በደማቁ ይጻፍልን።

የመሠረት ቁፋሮ አፈር በነጻ ይገኛል፣ ግን ከጥልቅ የወጣ ሙት አፈር ነው፤ የግድ ከሆነ ብስባሹ ግማሽ በግማሽ ይሁን። ዋልካ ሲርስ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከጋራዥ ግቢ፣ ከአውራ ጎዳና ዳርና ከወንዝ ዳር ግን አንድ አካፋም አንወስድም። እርሳስና ሌሎች ከባድ ብረቶች ቅጠሉ ውስጥ ይገባሉ፤ የሚበላው ደግሞ ቅጠሉ ነው።

የውሃ ክፍል፦ በበጋ አንድ ጆንያ በቀን 4 ሊትር ቢጠጣ ለ80ው 320 ሊትር፣ 16 ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን የምትሸከመው እናት ናት። ስለዚህ የመጀመሪያው ተከላ በክረምት ይሁን፤ ችግኙ በግንቦት ይፈላ፣ በሰኔ መጨረሻ ይተከል። ለዚያ እንዲደርስ ብስባሹ በየካቲት መከመር አለበት። ጆንያው የአትክልትና የሩዝ እጣቢ ይጠጣ፣ የልብስ ሳሙና እጣቢ አይሆንም። የቀበናም የግንፍሌም ወንዝ ውሃ አይነካ።

የችግኝ ክፍል፦ የክረምቱ ነገር ሌላ ጣጣ አለው፦ በሐምሌ ዝናብ ሥር ይበሰብሳል። መፍትሔው መሃሉ ላይ የሚቆም የጠጠር ምሰሶ ነው። ታችና ላዩ የተቆረጠ የቲማቲም ጣሳ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ ጠጠር ይሞላ፣ ዙሪያው በድብልቅ ይከበብ፣ ጣሳው ወደ ላይ ይሳብ፤ እስከ አፉ እንዲሁ ይቀጥል። ጠጠሩ በክረምት ትርፉን ውሃ ያወርዳል፣ በበጋ ደግሞ ውሃውን እስከ ታችኛው ችግኝ ያደርሳል። ከጎን በዚግዛግ 12፣ ከላይ 4 ችግኝ፤ በጠቅላላው 1,280። ቀዳዳው ችግኙን ብቻ የሚያሳልፍ ይሁን፣ ከሰፋ አፈሩ ይፈሳል። ፀሐይ ላስቲኩን ስለምትበላው ሁለት ጆንያ ይደረብ።

ከተተከለ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቅጠል ይለቀማል፣ ከታች ወደ ላይ፤ እምብርቱ አይነካ። ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ከቅጠሉ ሥር ሲታይ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ማታ ይረጭ፣ ጠዋት ይታጠብ።

ደግሞ "ከቤተሰቡ ጋር የሚሄድ" ስንል፣ የራሰ ጆንያ ከ80 ኪሎ አያንስም። ከሥሩ የእንጨት ርብራብ ይግባ፣ ለማዛወሪያ የጋሪ ኪራይ በበጀት ይያዝ።

ሰብሳቢ፦ መግቢያው ላይ "ረሃብን ያስወግዳል" የሚለው ይውጣ። ሁለት ጆንያ ጤፍና ዘይት አይተካም። የሚሰጠው በሳምንት ጥቂት ጊዜ ወጥ የሚሆን ጎመንና ልጆች የሚጎድላቸውን ቫይታሚን ኤ ነው፤ ለጎመን የሚወጣውም ብር ለእህል ይተርፋል። ይህንኑ በግልጽ እንጻፈው። በከተማ ሴፍቲኔት የታቀፉት ቅድሚያ ያግኙ። ሁለተኛው ተከላ ለሁዳዴ እንዲደርስ በታኅሣሥ መጀመሪያ ቢሆንስ? ጎመን በጣም የሚፈለገው ያኔ ነው።

የውሃ ክፍል፦ በአንድ ቤት አንድ ጆንያ ብቻ ከሆነ እንስማማለን፤ 8 ጀሪካን ይወጣል።

ጸሐፊ፦ ገብቷል፦ የዘሩ ገንዘብ ወደ አፈርና አሸዋ ማጓጓዣ፣ ታኅሣሥ በአንድ ጆንያ፣ መግቢያው በሰብሳቢው አገላለጽ። የጎደለን ለ4ቱ ክምር የሚሆን ቦታ ነው፤ በየወረዳችሁ 12 ካሬ ሜትር ያህል፣ ውሃ የማይተኛበት፣ ከመኖሪያ በር ራቅ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ አሳውቁኝ።