የእህቴ ዓይን ተሻለው፤ ማይሊኑም ተጠግኗል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የታናሽ እህቴ አንድ ዓይን በድንገት ደበዘዘ። ስታንቀሳቅሰው ያማታል፣ ቀይ ነገር ገርጥቶ ይታያታል። ኤምአርአይ ተነስታ መልቲፕል ስክለሮሲስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን የነርቭ ሽፋን የሚያጠቃበት በሽታ) ነው፣ የነርቭሽ ሽፋን ማይሊን ተጎድቷል ተባለች። በስቴሮይድ ታክማ በጥቂት ሳምንታት እይታዋ ተመለሰ። አሁን «ድኛለሁ» ብላ በቋሚነት የታዘዘላትን መድኃኒት ልታቆም ነው። ማይሊን ራሱን የሚጠግን ከሆነ መድኃኒቱ ለምን ያስፈልጋል? ደግሞ በሙቅ ውሃ ስትታጠብ ያው ዓይኗ ይደበዝዝባታል። እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ።

መልስ፣ ከሥነ ሕይወት መምህር፦ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማራት። ማይሊን በአብዛኛው ስብ ነው። አንጎል ውስጥ ማይሊን የሚሠሩት ኦሊጎደንድሮሳይት የሚባሉ ሴሎች ናቸው። አንዱ ሴል ብዙ ቅርንጫፍ ዘርግቶ የበርካታ ነርቭ ክሮችን ቁራጭ ደራርቦ ይጠቀልላል። በየመሃሉ ያልተሸፈነ ጠባብ ክፍተት ይተዋል፤ መልእክቱም ከክፍተት ወደ ክፍተት እየዘለለ ይበራል። ሽፋን ያለው ወፍራም ክር በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ሽፋን የሌለው ቀጭን ክር ግን 1 ሜትር ገደማ ብቻ። ሽፋኑን የመጠቅለሉ ሥራ የሚጀመረው ገና በማህፀን ነው፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ይፈጥናል፣ በግንባር በኩል ያለው የአንጎል ክፍል ጋ ደግሞ እስከ 20ዎቹ ዕድሜ ይዘልቃል።

መልስ፣ ከነርቭ ክፍል ነርስ፦ ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ እይታ ተመለሰ ማለት ማይሊን ተመለሰ ማለት አይደለም። የዓይን ነርቩ እብጠት ሲቀንስ ብቻውን ብዙ ይሻላል። ክሩም ሽፋን በሌለበት መልእክት ማሳለፍን ይለምዳል፣ በዝግታም ቢሆን።

እውነተኛ ጥገናም አለ። አዋቂ አንጎል ውስጥ ያልበሰሉ የኦሊጎደንድሮሳይት እናት ሴሎች አሉ። ጉዳት ሲደርስ ይባዛሉ፣ ወደ ቦታው ይሄዳሉ፣ በስለው አዲስ ሽፋን ይጠቀልላሉ። ግን መጀመሪያ ማይክሮግሊያ የተባሉ ሴሎች የፈረሰውን ማይሊን ውጠው ማጽዳት አለባቸው። ፍርስራሹ ካልተነሳ እናት ሴሎቹ መብሰል ያቅታቸዋል። አዲሱ ሽፋን ከድሮው የሳሳ ነው፤ ቢሆንም ይሠራል። ችግሩ ዕድሜ ሲገፋና ጥቃቱ ሲደጋገም ጥገናው መድከሙ ነው። ሽፋን አጥቶ የቆየ ክር ሊበጠስ ይችላል፤ አንጎል ውስጥ የተበጠሰ ክር ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም። መድኃኒቷ ማይሊን አይሠራም። የመከላከል ሥርዓቷ የገዛ ማይሊኗን እንዳያጠቃ ይይዛል፣ ለጥገናው ፋታ ይሰጣል። ስለዚህ እባክህ እንዳታቆም ለምናት።

መልስ፣ ከበሽታው ጋር ከምትኖር፦ የሙቀቱ ነገር እኔም ጋ አለ፣ አትደንግጡ። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ ሙቀት ሲጨምር መልእክት ማሳለፍ ያቅተዋል፤ ሰውነት ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አዲስ ጉዳት አይደለም። ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን ሳይኖር አዲስ ምልክት ከ24 ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ ትንገር።

ጥያቄ፦ በጣም አመሰግናለሁ! አንድ ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 እና ማይሊን የሚገነባ ክኒን ውሰጂ ብሏታል።

መልስ፣ ከነርቭ ክፍል ነርስ፦ የቢ12 እጥረት ራሱ ማይሊን ይጎዳል፤ በደም ምርመራ ይታወቃል። እጥረት ካለባት ትታከም፣ ከሌለባት መጨመሩ አዲስ ሽፋን አያመጣላትም። ክሌማስቲን የሚባል የቆየ የአለርጂ መድኃኒት በ2017 በወጣ ጥናት የዓይን ነርቭ መልእክትን በጥቂቱ አፍጥኖ ታይቷል። ተስፋ ሰጪ ነው፣ ግን እስካሁን ሕክምና አልሆነም፤ በራሷ እንዳትሞክረው። ሲጋራ ካጨሰች ግን ዛሬውኑ ብትተው ትጠቀማለች።

መልስ፣ ከበሽታው ጋር ከምትኖር፦ አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ናታሊዙማብና ፊንጎሊሞድ ያሉት የዚህ በሽታ መድኃኒቶች በድንገት ሲቆሙ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል። የሰለቻት ጎንዮሽ ጉዳቱ ከሆነ ይቀየርልኝ ትበል፤ አማራጭ አለ። ቀጣዩ ኤምአርአይ መቼ እንደሆነና ልጅ መውለድ ካሰበች የቱ መድኃኒት እንደሚሻል አብራ ትጠይቅ።