ለመንገድ ማስፋፊያ ጅረት ማዞር፦ ክፍት ቦይ ይሻላል ወይስ ቦክስ ካልቨርት?

ሳይት_ቀበና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መሃል ከተማ ላይ የሚሰፋ መንገድ አለ። ወደ ቀበና ወንዝ የሚገባ ጅረት ታጥፎ 9 ሜትር ያህል ወደ መንገዱ ወሰን ይገባል። አሁን ባለበት አካሄድ ርዝመቱ 150 ሜትር ነው፤ መታጠፊያውን ቆርጠን ቀጥ ካደረግነው 100 ሜትር ይሆናል። ከላይኛው መጋጠሚያ እስከ ታችኛው ያለው የከፍታ ልዩነት 1.8 ሜትር ነው። ተፋሰሱ 2.4 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን በራሽናል ዘዴ (ጎርፉን ከዝናብ መጠንና ከተፋሰስ ስፋት በቀጥታ የሚያሰላ ቀመር፤ ሲ፣ ማለትም ከዝናቡ ወደ ጎርፍ የሚለወጠው ድርሻ፣ 0.7፣ የዝናብ መጠን በሰዓት 62 ሚሊ ሜትር) የጎርፉ መጠን 29 ሜትር ኩብ በሰከንድ ወጥቷል። ሁለት አማራጭ ቀርቧል፦ ወለሉ 4 ሜትር የሆነ ክፍት ቦይ፣ ወይም ባለ ሁለት ክፍል፣ እያንዳንዱ 3 በ 2 ሜትር የሆነ ቦክስ ካልቨርት (የተሸፈነ ባለ አራት ማዕዘን የኮንክሪት የውሃ መተላለፊያ) ሆኖ ከላዩ የእግረኛ መንገድ። የትኛውን ትመክራላችሁ? ስራውስ ከየት ቢጀመር ይሻላል?

የውሃ_ስሌት

መጀመሪያ ስሌቱን አስተካክል። በመንገዶች ባለሥልጣን የድሬኔጅ ማኑዋል መሰረት ራሽናል ዘዴ ከ50 ሄክታር ላነሰ ተፋሰስ ነው። የአንተ 240 ሄክታር ስለሆነ በኤስሲኤስ ዘዴ (ለሰፋ ተፋሰስ የሚሆን የጎርፍ ስሌት) እንደገና ይሰራ። ከርቭ ነምበሩንም (መሬቱ ከዝናቡ ምን ያህሉን እንደሚያፈስ የሚገልጸውን ቁጥር) ዛሬ በምታየው ሳይሆን ቦታው ሙሉ በሙሉ ሲገነባ በሚኖረው ሁኔታ ያዝ። ከእንጦጦ በኩል የሚወርድ ውሃ ቁልቁለቱ ኃይለኛ ስለሆነ ፈጥኖ ይደርሳል፤ ላይ የተነጠፈ አስፋልትና የተከደነ ቆርቆሮ ደግሞ ይበልጥ ያፈጥነዋል።

29ኙን ለጊዜው እንያዘውና ዋናውን ነገር ልንገርህ፦ ጅረቱን ስታሳጥረው ቁልቁለቱን እየጨመርክ ነው። 1.8 ሜትር በ150 ሜትር 1.2 በመቶ ነው፤ በ100 ሜትር 1.8 በመቶ ይሆናል። ወለል 4 ሜትር፣ የጎን ተዳፋት 1 ቁመት ለ 1.5 አግድም፣ የማኒንግ ኤን (የቦዩን ሻካራነት የሚገልጽ ቁጥር) 0.035 ይዘህ ብታሰላው፣ በ1.2 በመቶ ጥልቀቱ 1.5 ሜትር፣ ፍጥነቱ 3.1 ሜትር በሰከንድ፣ ፍሩድ ቁጥሩ (ከ1 በታች ሲሆን ውሃው ዘገምተኛ፣ ከ1 በላይ ሲሆን ኃይለኛ መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር) 0.95 ይመጣል። በ1.8 በመቶ ጥልቀቱ ወደ 1.35 ይወርድና ፍጥነቱ 3.6፣ ፍሩዱ 1.15 ይሆናል። ስለዚህ ፍሩዱ ከ1 በታች ከነበረበት ከ1 በላይ ያልፋል፤ ውሃው ታች ካለው ዘገምተኛ ውሃ ጋር ሲጋጠም ይዘልና ወለሉን ይቦረቡራል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው አዲሱ ቦይ ላይ አይደለም፤ ከሱ በታች ባለው ባልተነካው ዳርቻና እዚያ ባሉት የሰው አጥሮች ላይ ነው።

መፍትሄው ትርፉን ከፍታ በደረጃ መጣል ነው። 100 ሜትሩን በ1.2 በመቶ ካስኬድከው 1.2 ሜትር ይወርዳል፤ የቀረውን 60 ሳንቲ ሜትር ሁለት ቦታ 30፣ 30 አድርገህ በኮንክሪት ደረጃ አውርደው። ከየደረጃው በታች የድንጋይ ንጣፍና ወደታች የሚገባ የኮንክሪት ጥርስ ይኑር። 0.95ም ቢሆን ለ1 በጣም ቅርብ ስለሆነ የውሃው ገጽ ይዋዥቃል። ቦታ ካለህ ቦይህን ሰፋ አድርግና ፍሩዱን ወደ 0.8 አውርደው። በሲሚንቶ የታሰረ የድንጋይ ግንብ ካደረግከው ግን ሌላ ስሌት ነው፤ ወለሉ ስለሚለሰልስ ስፋቱ 6 ሜትር ቢሆን እንኳ ፍጥነቱ ወደ 4 ሜትር በሰከንድ ይጠጋል።

ድሬኔጅ_ጥገና

እኔ ክፍት ቦዩን ነው የምመርጠው፤ የማያወላዳ ምክንያት አለኝ። ባለ ሁለት ክፍል 3 በ 2 ቦክስ በወረቀት ላይ ይበቃል፦ ውሃው መግቢያው ላይ ጣሪያውን ሲነካ 29 ሜትር ኩብ ገደማ ያሳልፋል። ነገር ግን በሐምሌ የሚመጣው ደራሽ ውሃ ብቻውን አይደለም፤ ፌስታልና ጆንያ፣ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ተንከባላይ ድንጋይ ይዞ ነው። መሃል ያለው ግድግዳ ያን ሁሉ ይይዛል። አንዱ ክፍል ሲደፈን የቀረው ውሃ ወደ መንገዱ ይወጣል። ቦክስ የግድ ከሆነ አንድ ክፍል፣ ስፋቱ ከ5 እስከ 6 ሜትር ይሁን፤ ውስጡ ቆሞ የሚሰራ ሰው የሚያስገባ ማንሆል በየ25 ሜትሩ ይኑረው። የፍሳሽ ጋዝ ጣሪያውን ስለሚበላም በብረቱ ላይ ያለው የኮንክሪት ሽፋን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጠራጊዎች ከመግባታቸው በፊት ጋዙ መለካት አለበት፤ ይህ በምንም የሚታለፍ አይደለም።

ክፍት ቦይ ሲደፈን ከመንገድ ይታያል፣ ኤክስካቫተር ከዳር ቆሞ ያወጣዋል። በአንድ ጎን 4 ሜትር የማሽን መቆሚያ ተውለት። የእግረኛ መንገዱን እሱ ላይ አሳርፈው፤ ሁለቱም ቦታ ያገኛሉ።

ጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ልትጠቀም ካሰብክ ተራውን ጋልቫናይዝድ ሽቦ ተው። የፍሳሽና የጋራዥ ዘይት የተቀላቀለበት ውሃ ፈጥኖ ይበላዋል፤ ወለል ላይ ደግሞ ተንከባላይ ድንጋይ ይበጥሰዋል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ሽቦ፣ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ፣ ከኋላው ጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር የሚይዝ ጨርቅ) አድርግ። ከወለል ይልቅ ለጎን ተጠቀምበት።

ፎርማን_ካሳንቺስ

ስራው ከሰርቬይ ቀጥሎ በመሬት ውስጥ መስመሮች ይጀመር። የፍሳሽ መስመር ቁልቁለት ፍለጋ ወንዝ ተከትሎ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አዲሱ ቦይህ የሚያልፍበት ላይ የማግኘት ዕድልህ ሰፊ ነው። ከውሃና ፍሳሽ ፕላኑን ተቀበል፣ ግን ፕላኑን ብቻ አትመን። በየ20 ሜትሩ በእጅ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍርና የቱቦውን አናት ከፍታ ለካ። ወደ ጅረቱ የሚለቁ የግቢ ቱቦዎችንም ቁጠራቸው፤ አሮጌው መሄጃ ሲሞላ መውጫ ያጣሉና ፍሳሹ ተመልሶ ሰው ግቢ ይገባል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማም በአዋጅ 299/1995 መሰረት ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ነው የሚያልቀው።

አዲሱን ቦይ በደረቁ ስራው። ጥቅምት ላይ ጀምር፤ ከላይም ከታችም 5 ሜትር ያህል ያልተቆፈረ አፈር እንደ መዝጊያ ተው። ውሃው በአሮጌው መሄጃ እየሄደ አንተ መሃሉን ግንብ ትጨርሳለህ። ሲያልቅ መጀመሪያ የታችኛውን መዝጊያ ክፈት፣ ቀጥሎ የላይኛውን፣ በመጨረሻ አሮጌውን ከላይ በኩል ዝጋው። ከላይ ከጀመርክ ውሃው መውጫ አጥቶ ያልደረቀ ግንብ ላይ ይተኛል። የካቲት መጨረሻ ላይ ውሃው በአዲሱ ቦይ እየሄደ መሆን አለበት፤ የበልግ ዝናብ ጉድለቱን ያሳይሃል፣ ክረምት ሳይገባ ትጠግናለህ።

ግንቡ 3 ሜትር ከፍታ ካለውና መንገድ የሚሸከም ከሆነ ግርጌው ከ1.6 እስከ 1.8 ሜትር ይሁን፤ የሲሚንቶና የአሸዋ ቅይጡ 1 ለ 3። መሰረቱ ከቦዩ ወለል ቢያንስ 1 ሜትር ይውረድ፣ አለት ካገኘህ እዚያው ላይ አሳርፈው። ባለ 75 ሚሊ ሜትር የውሃ ማስወጫ ቱቦ በየ1.5 ሜትሩ እያፈራረቅክ አስገባ፣ ከኋላው 30 ሳንቲ ሜትር ጠጠር። ግንብ የሚወድቀው በጎርፉ ሰዓት ሳይሆን ጎርፉ ሲጎድል ነው፦ ቦዩ ባዶ ሲሆን ከኋላ ያለው አፈር ውሃ እንደያዘ ይገፋዋል። ጥቁር አፈር ከኋላው አትሙላ፣ ገረጋንቲ አምጣ።

ሳይት_ቀበና

እግዜር ይስጥልኝ፣ ኤስሲኤሱን እንደገና እንሰራለን። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ የላይኛው መጋጠሚያ ላይ ራዲየሱ 25 ሜትር የሆነ ኩርባ አለ፣ ግንቡ ምን ያህል ከፍ ይበል? አሮጌው መሄጃስ በምን ይሞላ? አዲሱ አስፋልት በላዩ ነው የሚያልፈው።

የውሃ_ስሌት

ኩርባው ላይ በ3.1 ሜትር ፍጥነትና በ8.5 ሜትር የውሃ ስፋት በውጭና በውስጥ ጎን መካከል 33 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይመጣል። የውጭው ጎን ከመደበኛው 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። እሱን ከጨመርክ በኋላ ከውሃው ገጽ በላይ 60 ሳንቲ ሜትር ትርፍ የግንብ ከፍታ ተውለት። የግንቡን መሰረት በውጭው ጎን ከሌላው 50 ሳንቲ ሜትር አጥልቀው፤ ቡርቦራው እዚያ ነው የሚበረታው።

ፎርማን_ካሳንቺስ

ሙሌቱ ላይ አትቸኩል። አሮጌው ወለል ላይ ያለው ጥቁር ጭቃ፣ ፌስታልና ጨርቅ የተቀላቀለበት፣ ንጹህ አፈር ወይም አለት እስኪታይ ድረስ ተጠርጎ ይውጣ። 1 ሜትር ቢሆንም ይውጣ። እሱ ላይ ከተሞላ ግን አስፋልቱ የጅረቱን መስመር ተከትሎ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ከላይ ስንት ጊዜ ቢደፈንም አይድንም። ከስር ጂኦቴክስታይል፣ በላዩ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ ድንጋይ ውሃ ካለበት ከፍታ እስኪወጣ፣ እንደገና ጂኦቴክስታይል፣ ከዚያ ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ድርብ እየጠቀጠቅክ ከከፍተኛው ጥግግት እስከ 95 በመቶ። እያንዳንዱ ድርብ ይፈተሽ።

የከርሰ ምድር ውሃ ጅረቱ ስለተዛወረ አብሮ አይዛወርም፤ በአሮጌው መሄጃ መምጣቱን ይቀጥላል። በድንጋዩ ውስጥ ባለ 150 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ቱቦ ዘርጋና ታች ላይ ወደ አዲሱ ቦይ አውጣው፤ አፉ ከወለሉ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ደለል እንዳይደፍነው። አፉን ከግንቡ ላይ በቀለም ምልክት አድርግበት፣ ጥገና የሚመጣው ሰው እንዲያገኘው።